ማጠፊያውን ተወው

ቦራ ያበደ ለታ፣ ነፋሱ ከተራራ
ጃንጥላ እየነጠቀ፣ ቆብ ባሕር ላይ ሲዘራ፣
በደረቴ አቅፌው፣ በሱፍ ሻርፕ ጠቅልዬ፣
ትሪየስቴን ቁልቁል ወረድኩ፣ ወደ ስታንኮ ሱቅ ብዬ።
የዓሣ ገበያው ዘበኛ፣ ሕፃን ያቀፍኩ መስሎት፣
መንገዱን ለቆልኝ፣ «ስንት ወሩ?» ሲል በስስት፣
«ሃያ ሁለት ዓመቱ!» ብዬው አለፍኩት።

ወይን ጠጅ ክዳኑ፣ ጠርዙ እንደ ምላጭ ስል፣
ከመጽሐፍ የማይወፍር፣ የሚያልፈውን የሚያማልል።
የመጀመሪያ ደሞዜን ሙሉውን አፍስሼ፣
አንድ ወር ሰርዲን በዳቦ ቀማምሼ፣
የገዛሁት ለመልኩ ነው፤ አልዋሽም፣ ለመልኩ፤
ስንት ሜጋ፣ ስንት ጊጋ፣ መች ጠየቅኩ ስለ ልኩ።
የመርከብ ሳሎን ነበር ሥራዬ የምስለው፣
ወንበሩን ከመስኮቱ የማስተያየው፤
ውብ ነገር ካጠገቤ ከሌለ፣ እጄ አልታዘዝ የሚለው።

አዲሱማ፣ ግራጫው፣ ሦስት ዓመት ሳይደፍን ዓይኑን ከደነ፤
ብሎን የለው፣ በር የለው፣ በሙጫ ታሽጎ መቃብር ሆነ።
እኔም ከመደርደሪያ፣ ከቁልቋሉ አጠገብ፣
አሥር ዓመት ጌጥ ሆኖ አቧራ ሲመገብ
የኖረውን አወረድኩ፤ ተጫንኩት፤ በራ፤
«ጥር አንድ፣ ሁለት ሺህ» አለኝ፣ እንደ ተኛ ሰው እየተንጠራራ።
ገና ያልተወለደበትን ቀን ነበር የሚያወራ።

ስታንኮ፣ ዓይኑ የደከመ፣ ጣቱ ግን ያልደከመ፣
ካቻቢቴውን ከጆሮው ጀርባ ሰክቶ፣ ክዳኑን ዳብሶ ቆመ።
«ይህስ» አለ፣ «ሊሸጥ ነው፣ ወይስ ሊኖር የመጣ?»
«ሊሠራ ነው» አልኩት፣ «በየቀኑ፤ ሂሳብ ሊከፍል፣
ደብዳቤ ሊጽፍ፣ ከእኔ ጋር ገበያ ሊወጣ።»

አርባ ሁለት ብሎን፣ በእንቁላል ካርቶን ተራ በተራ
እንዳይጠፋ ለያየው፤ ትንሹን ከትልቁ ጋራ።
ከኪቦርዱ ሥር ወጣ የዳቦ ፍርፋሪ፣
የባሕር አሸዋ፣ የድመቴ ፀጉር ቀሪ።
(ድመቷ ከሞተች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው።)
እፍ ሊለው ሲል «ቆይ!» አልኩት፤ በወረቀት ጠቀለልነው።

አሮጌው ዲስክ ወጣ፣ ሲያጓራ የኖረው፤
በምትኩ ዝምተኛ፣ ካውራ ጣት የማይበልጥ ቺፕ ገጠመው።
ሚሞሪውን ደረበለት፤ ማራገቢያውን በብሩሽ፣ በዘይት ጠብታ ፈወሰው።
ዋይፋዩ ላይ ግን ማዘርቦርዱ፣ እንደ ኩሩ ባለርስት፣
አዲሱን ካርድ «አላውቅህም» ብሎ መለሰው።
ሦስት ቀን ተሟገቱ፤ በአራተኛው ማታ
ስታንኮ ደወለልኝ፦ «ተረታ! ተረታ!»

ባትሪው የትም አይገኝ፤ ፋብሪካው ረስቶታል፤
ቀፎውን ሰንጥቆ አንጀቱን በአዲስ ተክቶታል።
«ሁለት ሰዓት ነው አቅሙ» አለኝ፣ እንደ ማፈር ብሎ።
ሁለት ሰዓት ይበቃል፤ ሰው ከዚያ በላይ
አይጽፍም እውነት አከታትሎ።

በመጨረሻ ዘይቱን ይዞ ማጠፊያው ላይ ሲደርስ፣
«እሱን ተወው» አልኩት፤ «ይጩኽ፤ እንደ ድሮው ያልቅስ።
ልቡ ተለወጠ፣ አንጎሉ ተለወጠ፣ ጉልበቱም የሌላ ነው፤
ይህቺ ሲጥታ ከጠፋች፣ ማልጄ ስከፍተው
እሱ መሆኑን በምን ልለየው?»
ሳቀ ስታንኮ፤ ዘይቱን ከደነ፤
የጠየቀኝ ዋጋ ግን፣ ለአዲስ ጥቂት የጎደለው ሆነ።

ዛሬ የጋዝ ሂሳብ ከፈልኩ፤ ለእህቴ ጻፍኩላት።
ፊልም ይከብደዋል፤ ጭኔ ላይ ይግላል እንደ ትኩሳት።
አሥር ገጽ ባንዴ ብከፍት ያቃስታል፣ ይቆማል፤
አንዱን ዘግቶ ሌላውን መክፈት፣ ለካ እንዲህም ይኖራል።
ቀኑን አስተካከልኩለት፤ ያለንበትን ዓመት ነገርኩት፤
ምን እንዳመለጠው ግን አልዘረዘርኩለት።

ቦራ መስኮቱን ሲደበድብ፣ ባትሪው አርባ ደቂቃ ሲቀረው፣
ከእራቴ ዳቦ ፍርፋሪ ወደቀ፣ በቁልፎቹ መሐል ገባ፤
እፍ አላልኩም። ይኑረው።